በወረቀት አልቀበልም ያለችኝ ይቅርታ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እጄን ሳነሳ ዛሬ ሦስተኛ እሑዴ ነው። ሽማግሌያችን "ስዩም፣ ያንተ ረጅም ነው፤ ቬንቲላተሩ የሚሠራበት ቀን እንሰማሃለን" እያሉ ሲያሳልፉኝ ቆይተዋል። ዛሬ መብራቱም አለ፣ ቬንቲላተሩም ይዞራል፣ እኔም ተነሥቻለሁ። እግዚአብሔር ለእኔ ያደረገውን በፊታችሁ ልናገር ነው። ሃሌ ሉያ!

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። እዚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን እህታችንን ለምለምን ፈቃድ ጠይቄያታለሁ፤ ነገሩ የእሷም ነውና። "ስሜን የምታነሳ ከሆነ እውነቱን ሁሉ ተናገር፤ ራስህንም አታሳምር፣ እኔንም መልአክ አታድርገኝ" ብላኛለች። እንደ ቃሏ እሞክራለሁ።

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በሃያ ዓመቴ ሥራ ፍለጋ በጭነት መኪና ተሳፍሬ አሰብ ወረድኩ። የመጀመሪያ ቀን ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ የሞተሩ መስሎኝ ከሞተሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሳቁ፣ ሳቁ! እናንተም ስትመጡ እንደዚያው ነበራችሁ።

ወደብ ላይ ኩሊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የቡድናችን አለቃ ካቦ መሐመድ ነበሩ፤ የዚሁ የአሰብ ሰው፣ ጥቁር ጥላቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ ሲቆጡ በዓረብኛ፣ ሲታረቁ በአማርኛ የሚናገሩ። ጆንያ ሲነሳ አንድ ሰው ዜማ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል፤ ታውቁታላችሁ። አውጪው የነበሩት አዛውንት አገራቸው ሲገቡ ካቦ መሐመድ ዞር ዞር ብለው አዩና "አንተ የደሴው፣ አፍህ አያርፍም፤ አንተ አውጣ" አሉኝ።

አወጣኋ! ምን ልበላችሁ፣ ግጥም እንደ ላብ ይወርድልኝ ነበር። የካፒቴኑን ሆድ፣ የጉምሩኩን ጸሐፊ መነጽር፣ የካቦን ጥላ፣ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ወዲያው አዜመው ነበር። ሰው እየሳቀ ሲሸከም ሲሚንቶው ይቀልለዋል። ካቦም "ይሄ ልጅ እንደ ዕቃ ማንሻው ዊንች ነው" ይሉ ነበር።

ከዚያ የሠራተኛው መዝናኛ ክበብ ጠራኝ። እሑድ ከሰዓት፣ ነፋሱ ከባሕር መንፈስ ሲጀምር፣ ያ ግጥም የገጠምኩበት የጉምሩክ ጸሐፊ አኮርዲዮን ይዞ ይመጣል፤ አንድ አናጺ ክራር ይመታል፤ እኔ እዘፍናለሁ። ቃሉም ዜማውም የራሴ ነበር። የሌላ ሰው ዘፈን አልዘፍንም ብዬ እኮራ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ ይል ነበር። እነዚያን ሰዎች እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ዘፋኝ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም ዛሬ የምመሰክረው። የምመሰክረው በተሰጠኝ ድምፅ ምን እንዳደረግኩበት ነው።

ጋሽ ደምሴ የሚባል የተሳቢ መኪና ሹፌር ወዳጅ ነበረኝ። ከአንድ መርከበኛ የገዛት ቴፕ ሪከርደር ነበረችው። እሑድ እሑድ ክበቡ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣትና ይቀዳኛል፤ ሰኞ ማለዳ ጭነቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በሚያርፍበት ሁሉ፣ ሚሌ ቢሉ ባቲ፣ ኮምቦልቻ ቢሉ ናዝሬት፣ ሻይ ቤት ገብቶ ይከፍታታል። አንድ ቀን ሲመለስ "ስዩሜ፣ አገር አውቆሃል! ደሴ እናትህ ሰፈር ሳይቀር ይዘፍኑሃል" አለኝ። ሸክላ ሳላሳትም፣ ራዲዮ ጣቢያ ደጃፍ ሳልደርስ፣ በጭነት መኪና ስሜ አዲስ አበባ ገባ። የኔ ነገር! ራሴን ያዞረው እሱ ነው።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ።

እህት ለምለም ያኔ እዚህ ክሊኒክ ድሬሰር ነበረች፤ ዛሬም ናት። አብዛኛዎቻችሁን አንድ ቀን መርፌ ወግታችኋለች። እኔን በአምስት ዓመት ትበልጠኛለችና እትዬ ነበር የምላት። ለአንድ ሹፌር ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮ፣ "ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን ነው" ብሏት ወደ ላይ ወጣ። ፋሲካ አለፈ። ክረምቱም አለፈ። ቤቷ እዚያው ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበርና መኪና ክላክስ ባደረገ ቁጥር ወጣ ብላ ታይ ነበር። በኋላ ናዝሬት ላይ ሌላ ማግባቱ ተሰማ። ወሬው ለከተማው ሁሉ ደርሶ ለእሷ ሳይደርስ ብዙ ቆየ።

እኔ ይህን አይቼ ምን አደረግኩ? አላዘንኩም። ዘፈን አደረግኩት።

ክላክሱ ሲነፋ ከበር ብቅ ትላለች፣
የሄደው ሳይመጣ አቧራ ለብሳለች።

አዝማቹ ይሄ ነበር። ዛሬ ስናገረው እንኳ ፊቴ ይቀላል። ስሟን አልጠራሁም፤ ግን አሰብ ስንት ሰው ነው ያለው? ሁሉም አወቀ። ካወጣኋቸው ዘፈኖች ሁሉ እንደዚያ የተወደደልኝ የለም። ጋሽ ደምሴ ይዞት ወጣ። በወሩ ሹፌሮች ሁሉ ያውቁት ነበር። በቤቷ ሲያልፉ ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር አድርገው ክላክሱን ይነፉታል፣ የዘፈኑ ምት ነው። ረዳቶቹ ከጭነቱ ላይ ሆነው ይስቃሉ። ለምለም መጀመሪያ በሯን ዘጋች፤ ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተወች፤ በመጨረሻ ወደ ጥዖ ክሊኒክ አዛውሩኝ ብላ አመለከተች።

ከመሄዷ በፊት ግን አንድ እሑድ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወደ ክበቡ መጣች። ልምምድ ላይ ነበርን። ቆማ እስክንጨርስ ጠበቀችን። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"ወንድሜ፣ ዜማው ቆንጆ ነው። ግጥሙን ግን ብትለውጠው ምን ይመስልሃል?"

እኔ ደግሞ ጓደኞቼ እያዩኝ ነበርና እግሬን አንፈራጥጬ "እትዬ፣ ስምሽን እኮ አልጠራሁም" አልኳት።

"እሱስ አልጠራህም" አለችና ወጣች።

በዚያው ከሰዓት ያንን ዘፈን ሦስት ጊዜ ዘፈንኩት። አኮርዲዮን ተጫዋቹ በሦስተኛው "ይበቃል፣ ስዩም" ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ወንድሞቼ፣ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ሳላውቅ አልበደልኩም። እየተለመንኩ ነው ልቤ የደነደነው።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ሸክላ የሚያሳትም የአዲስ አበባ ነጋዴ በጋሽ ደምሴ በኩል ልኮ "ያን ልጅ አምጣልኝ" አለ። መሬት አልበቃችኝም! ሌት ተቀን ማለት አልወድም፤ ቀኑን ሙሉ ግን እለማመድ ነበር። ጠዋት ወደብ ላይ ከዊንቹ ጩኸት በላይ እጮኻለሁ፤ የሲሚንቶ ብናኝ እውጣለሁ፤ ከሰዓት እዘፍናለሁ። ድምፄ ሻከረ። ማር በሎሚ ጠጣሁ። ባሰ። አንድ ጠዋት ካቦ መሐመድን ሰላም ልል አፌን ብከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ካቦ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ይሻለኛል ብዬ ከጋሽ ደምሴ ጋር አዲስ አበባ ሄድኩ። ነጋዴው ጥሩ ሰው ነበር፤ ሙዚቀኞቹን ሰብስቦ ጠበቀኝ። መቱልኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም! እንደገና መቱልኝ። ሙዚቀኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነጋዴው ትከሻዬን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝና "ሲሻልህ ተመለስ" አለኝ። ጋሽ ደምሴ፣ እግዜር ይስጠው፣ እጄን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጉሮሮዬን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

"የድምፅህ አውታር ላይ እብጠት አለ። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ። ሹክሹክታም ቢሆን። በየቀኑ በእንፋሎት ትታጠናለህ፣ መርፌም ትወስዳለህ፤ ወረቀት እጽፍልሃለሁ፣ አገርህ ያለው ክሊኒክ ያደርግልሃል። ከስድስት፣ ከስምንት ወር በኋላ ተመለስ።"

በእጄ ወደ አፌ እያሳየሁ ጠየቅኳቸው። ገባቸው።

"መናገር ትችል ይሆናል" አሉኝ። "ዘፈኑን ግን እርሳው፣ ልጄ።"

አሰብ እስክንደርስ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ጋሽ ደምሴ ቴፗን አልከፈታትም። ያ ሰው ሳይዘፍን መንዳት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ለእኔ ብሎ ሦስት ቀን ዝም አለ።

ሥራዬም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ድምፅ የሌለው አውጪ ማን ይፈልጋል? ካቦ መሐመድ ግን ወረቀቴን አስነብበው ሰሙና "ዊንች ነጂው ከላይ ሆኖ የመርከቡን ሆድ አያይም። በእጁ ምልክት የሚሰጥ ሰው እፈልጋለሁ። ለዚህ ሥራ አፍ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አፍ ያበላሸዋል። ነገ ጀምር" አሉ። እንጀራዬን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። ጌታ ይባርካቸው፤ እዚህ ቤት ባይመጡም በየቀኑ እጸልይላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደሚጸልዩልኝ ነግረውኛል።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ብገባ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? እትዬ ለምለም! ከጥዖ ተመልሳለች፤ እኔ አልሰማሁም። ቀና ብላ አየችኝ። ዞሬ ልወጣ ስል፦

"ተመለስ" አለችኝ። "ወረቀቱን አምጣ።"

ሰጠኋት። አነበበችው። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ እፎይ ያለች፣ ደስ ያላት ብትመስል ይገባኛል ብዬ። አልመሰለችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና "ልብስህን ከፍ አድርግ" አለች። መርፌውን ወጋችኝ። አላሳመመችኝም። ለመበቀል ብትወጋኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ አስቡት፤ አሰብ ላይ በእንፋሎት መታጠን! ከተማው ራሱ እንፋሎት አይደለም እንዴ? በየቀኑ ከሥራ በኋላ፣ ጭንቅላቴ ላይ ፎጣ ጥላ፣ የፈላ ውኃ ላይ ታስጎነብሰኛለች። እሷ በሽተኞቿን እያየች ታንጎራጉራለች፤ መዝሙር ነው። እኔ ፎጣው ሥር ሆኜ እሰማለሁ። መልስ መስጠት አልችልም፣ መቀለድ አልችልም፣ መኩራራት አልችልም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አዳመጥኩ። አንዱ ሲያለቅስ እንዴት እንደምታባብለው፣ ሌላውን በትግርኛ፣ ሌላውን በዓፋርኛ እንዴት እንደምታስቀው ሰማሁ። ይህቺን ሴት ነው አቧራ ያለበስኳት እል ነበር በልቤ።

በሦስተኛው ሳምንት ሸክሙ ከበደኝ። ወረቀት ወስጄ ጻፍኩ፦ "እትዬ ለምለም፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። ስዩም።" ሰጠኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ መለሰችልኝ።

"በወረቀት አልቀበልም" አለች። "ያን ጊዜ በወረቀት አይደለም ያደረግከው። ድምፅህ ሲመለስ በአፍህ ትለኛለህ።"

እርሳሱን አንስቼ "ድምፄ ላይመለስ ይችላል፣ ሐኪሙ ብሏል" ብዬ ጻፍኩላት።

"እኔ እጠብቃለሁ" አለች። ከዚያ አየት አደረገችኝና ከንፈሯ ዳር ፈገግታ ቢጤ መጣ። "መጠበቅ እንደምችልበት አንተው ዘፍነህ የለ?"

ወገኖቼ፣ ከሐኪሙ ቃል በኋላ ድምፄ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። የጠበቀችልኝ የበደልኳት ሴት ነበረች። ጌታ ይባረክ!

አንድ ከሰዓት ፎጣው ሥር እንዳለሁ፣ ከውጭ ክላክስ ተነፋ። ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር። እንጉርጉሮዋ ቆመ። ፎጣውን ገልጬ አየኋት። የውኃውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ደርቃ ቆማለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። ያን ፊት ሳላይ ነው ያንን ሁሉ ዘመን የኖርኩት። እየሮጥኩ ወጣሁ። መኪናው ፊት ቆሜ እጄን አወናጨፍኩ፤ ተው፣ ተው፣ ለማለት። ሹፌሩ አወቀኝ! ደስ አለው! በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ስዩም! ጀግናው! ስማ እንግዲህ" አለና ዘፈኑን ከነአዝማቹ በሙሉ ድምፁ ዘፈነልኝ። ሊያስደስተኝ ነው እኮ! እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። ለምለም በሩ ላይ ቆማ እየሰማች ነው። የገዛ ዘፈኔ ፊት ለፊቴ ተዘፈነ፣ "በቃ" የምትል አንዲት ቃል አጣሁ።

አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ፣ ድምፅ በሌለው አፍ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ካለህ፣ ይህን ከእኔ ላይ አንሣ" አልኩ። ድምፁን አላልኩም። ጉሮሮዬንም አላልኩም። ይህን ነውር ነበር ያልኩት።

ሹፌሩ ደንግጦ ዘፈኑን አቋረጠ። እትዬ ለምለም መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "ተነስ እንጂ፣ ጉልበትህ ይቃጠላል፤ ለሱም ቅባት የለኝም" አለችኝ። ከዚያ አስገብታ ውኃ ሰጠችኝና "እሑድ ጠዋት እዚያ ቤት እንሰበሰባለን፤ መናገር አይጠበቅብህም" አለች።

ይሄው ቤት ነበር። ያኔ አሥራ አንድ ሰው ብንሆን ነው። ቃሉ ተነበበ፣ ሽማግሌያችን አስተማሩ፤ በመጨረሻ ጌታን መቀበል የሚፈልግ ይነሣ አሉ። ተነሣሁ። ሽማግሌያችን ደስ ብሏቸው "እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔን እየተከተልክ በል" አሉኝ። ጉሮሮዬን አሳየኋቸው። አልገባቸውም። "አይዞህ፣ በል" አሉኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ላብ ያጠምቀኛል።

ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"እሱ መናገር ተከልክሏል" አለች ለምለም። "እኔ እልለታለሁ።"

መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሽማግሌያችን እያሉ እሷ በእኔ ፈንታ ተከተለች፦ "ጌታ ሆይ፣ እኔ በደለኛ ነኝ። በአፌ ሰው አቁስያለሁ። ማረኝ። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ።" በአፌ ሰው አቁስያለሁ የሚለውን ሽማግሌያችን አላሉትም፤ እሷ ናት የጨመረችው። ያቆሰልኳት ሰው፣ የእኔን ኃጢአት "የእኔ" ብላ በእኔ ቦታ ተናገረችው! ወንድሞቼ፣ ክርስቶስ ለእኔ ምን እንዳደረገ በስብከት አልገባኝም ነበር። ያን ቀን አጠገቤ ቆማ አሳየችኝ። ክብር ለስሙ ይሁን! ሃሌ ሉያ!

ጸጥታው ስምንት ወር ሞላ። አዲስ አበባ ተመለስኩ። ሐኪሙ በመስታወታቸው አዩ። መብራቱን አስተካክለው ደግመው አዩ።

"እብጠቱ የለም" አሉ። "ማነሱን ጠብቄ ነበር፣ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን አልገመትኩም። ምን አደረግክ?"

ወደ ሰማይ አመለከትኩ። ሳቅ አሉና "እሱንም አልከለክልህም። እስቲ አ በል" አሉኝ። "አ" አልኩ። ወጣ! ወፍራም፣ እንደ ዛገ በር የሚንቋረር፣ ግን ድምፅ! "አሁን ቀስ እያልክ መናገር ትችላለህ" አሉኝ።

አልተናገርኩም። "አ" ቃል አይደለም። ጋሽ ደምሴ ሦስት ቀን ሙሉ "እባክህ አንድ ነገር በለኝ፣ ስሜን እንኳ ጥራ" እያለ ለመነኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። የመጀመሪያዋ ቃል የለምለም ናት። ሲገባው ተወኝ፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ፈጠን አድርጎ ነዳ።

አሰብ እንደደረስን በቀጥታ ክሊኒክ ወረድኩ። ጠዋት ነው፣ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። አንድ ከራሔይታ የመጣ ዓሣ አጥማጅ እጁን መንጠቆ ወግቶት ተራው ደርሶ ተቀምጧል። ሰዉን አልፌ ገባሁ፤ "ተራ ያዝ!" ተባልኩ። በሰው ፊት ነው የበደልኳት፣ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው ብዬ ፊቷ ቆምኩ።

"እትዬ ለምለም፣ ይቅር በይኝ" አልኩ።

በስምንት ወር የወጣችኝ የመጀመሪያ ቃል ናት። መሐሏ ላይ ብትሰነጠቅም ወጣች። ለምለም በጨርቅ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች። ከሰልፉ አንዱ ለዓሣ አጥማጁ ነገሩን በዓፋርኛ ሲተረጉምለት ይሰማኛል። ሰውዬው እጁን እንደያዘ አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። "ይቅር በዪው፣ ተራው የኔ ነው" ማለቱ ነበር።

እሷም ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

"ይቅር ካልኩህ ቆይቷል" አለችኝ። "መስማት ግን አምሮኝ ነበር።"

የሚቀጥለው እሑድ ክበቡ ሄድኩ። ጓደኞቼ ተነሥተው አቀፉኝ። አኮርዲዮኑን ከፈቱልኝ። እኔ ግን ቆሜ ያን ዘፈን ስለ ማን እንዳወጣሁት፣ ስትለምነኝ ምን እንደመለስኩላት፣ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ እንዳይዘፍኑትም ለመንኳቸው። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ደምሴ ቴፗ ላይ ያለውን አጠፋው፤ በየመንገዱም ለሹፌሮቹ ነገረልኝ። አብዛኞቹ ተዉ። ሁሉም አልተዉም፤ እውነቱን ተናገር ተብያለሁና እናገራለሁ። ዘፈን ከአፍ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ሰው አይቆጣጠረውም። ባለፈው ወር ከላይ የመጣ አንድ ወጣት ሹፌር ምንም ሳያውቅ፣ መርፌ ሊወጋ ተቀምጦ፣ እዚያው ለምለም ፊት ያንጎራጉረው ጀመር። እሷም ዝም ብላ ሰማችውና "ዜማውን አበላሸኸው" አለችው!

ዛሬ በቤቷ ደጃፍ ስታልፉ በሩ ክፍት ነው። ታያላችሁ።

ነጋዴው እንደገና ልኮብኝ ነበር። ሸክላ አልታተመልኝም፤ የድሮው ድምፄም አልተመለሰም፤ ከፍ ያለውን ዜማ አልደርስበትም፣ መዝሙር ስንዘምር ከታች የምትሰሙት ያ ሻካራ ድምፅ የእኔ ነው። ወደብ ላይ ጆንያ ሲነሳ ዛሬም ካቦ መሐመድ "አውጣ" ሲሉኝ አወጣለሁ፤ ሰው መሳቁንም አልተወም። በሰው ቁስል ግን አላስቅም። የምጽፈውን መዝሙር ደግሞ ለእናንተ ከማሰማቴ በፊት ለለምለም አሰማለሁ። ታርመኛለች፤ አትምረኝም።

ወዳጆቼ፣ ስለ ድምፄ ብዬ አይደለም ዛሬ ደስ ያለኝ። ሐኪሙ እንዳሉት ባይመለስ ኖሮም ያን ቀን እዚህ ወለል ላይ የተደረገልኝ ይበቃኝ ነበር። የማከብረው አምላክ በደሌን ሳይሸፋፍን የተቀበለኝ ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ጋ መሄድ እየፈለገ እግሩ እምቢ ያለው ካለ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ ይህን አምላክ እመኑት። ስብሰባው ሲያልቅ እኔና እህት ለምለም እዚሁ ከፊት እንቀመጣለን። ምን ብዬ እጸልያለሁ የምትሉ፣ ቃል ያጠራችሁ ካላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ኑና አጠገባችን ተቀመጡ። የማይናገርን ሰው የሚሰማ አምላክ ነው ያለን፤ እኔን ስምንት ወር ሙሉ ሰምቶኛል።